118 ኪሎ ሜትር በጎማ ዙር

ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። ለመንገዴ የያዝኩት አንዲት ወረቀት ነው፤ «12.6 ወደ ግራ፣ 31.8 ድልድይ፣ 54.2 ወደ ቀኝ» እያለች እስከ 118 ኪሎ ሜትር ትወርዳለች። የብስክሌቴ መሪ ላይ ያሰርኳት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለው ኮምፒውተር ጂፒኤስ የላትም። የምታውቀው የፊት ጎማዬ ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው፤ ያንን በጎማው ዙሪያ ርዝመት አባዝታ ርቀቱን ታወጣለች።

ስገዛት ጂፒኤስ ያለውንም አይቼ ነበር። ለብዙ ቀን ጉዞ በየማታው ቻርጅ ፍለጋ መሄዱ ከበደኝ። ይቺ በአንዲት ሲአር 2032 በምትባል የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ወራት ትሠራለች። ባለገመዱን የመረጥኩት ደግሞ የጎማውን ዙር የሚያነበው ሴንሰር የራሱ ባትሪ ስለማይፈልግ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅሁት ግን የጎማውን ዙሪያ በሚሊ ሜትር ማስገባት ይቻል እንደሆነ ነው። ይህን የማይቀበል ኮምፒውተር በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ኮምፒውተሯ 12.6 ስትል ወደ ግራ ዞር ብዬ አየሁ፤ ቁጥቋጦ እንጂ መንገድ የለም። መታጠፊያው የመጣው 300 ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ አውልቄ ባለ 25 ሳስገባ የድሮውን የዙሪያ ቁጥር፣ 2155 ሚሊ ሜትርን፣ አልቀየርኩትም ነበር። ከዚያ ወዲያ የመንገዱን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ኪሎ ሜትር ስሄድ እሷ 10.24 አለች። ውሃ ልጠጣ ስቆም 2155ን በ10 አባዝቼ ለ10.24 አካፈልኩና 2104 አስገባሁ። ቤት ሳለሁ ብለካው ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አለካኩ ቀላል ነው፦ ቫልቩን ወደ መሬት አድርጎ ምልክት ማድረግ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ቫልቩ ተመልሶ ታች እስኪደርስ በቀጥታ መንዳት፣ ከምልክት እስከ ምልክት በሜትር መለካት። ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ስለሚጫን፣ ባዶውን ብስክሌት ገፍቶ መለካት ቁጥሩን ያስረዝመዋል።

ወደ ድልድዩ ስቃረብ ኮረኮንቹ ነቀነቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ፍጥነቱ 0.0 ሆነ፤ እግሬ ግን ፔዳሉን እየገፋ ነው። ወርጄ አየሁት። የጎማው ሽቦ ላይ የታሰረው ማግኔት ብሎኑ ላልቶ ፊቱን አዙሯል። ሴንሰሩ ውስጥ በመስታወት የታሸጉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፤ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ይነካካሉ፣ ያ አንድ ዙር ተብሎ ይቆጠራል። ማግኔቱ ከራቀ አይነካኩም። ከሴንሰሩ አምስት ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አስጠግቼ ብሎኑን አጠበቅሁት።

ሳይቆጠር ያለፈው ስንት እንደሆነ ማወቂያ አልነበረኝም። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሜ የጉዞውን ርቀት ወደ ዜሮ መለስኩና፣ ወረቀቷ ላይ ከቀሩት ቁጥሮች ሁሉ 31.8 እየቀነስኩ በእርሳስ ጻፍኩ። 54.2 የነበረው 22.4 ሆነ፤ የመጨረሻው 86.2።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ኮምፒውተሯን አየኋት። 86.3 ትላለች።