ሙቀትን የለመደ ችግኝ

ባለፈው ሚያዝያ ከጥላ አውጥቼ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተከልኳቸው የቲማቲም ችግኞች በሁለት ቀን ውስጥ የቅጠላቸው ጠርዝ ነጥቶ እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ቀስ በቀስ ከሙቀቱ ጋር ያለማመድኳቸው ግን ጸንተው ቆሙ።

ሙቀት ሲበረታ በሴል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ ታፍነው የቆዩ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ነጻ ወጥተው ጂኖችን ያነቃሉ፤ ሂት ሾክ (የሙቀት ድንጋጤ) የሚባሉት ተከላካይ ፕሮቲኖችም በብዛት ይመረታሉ። ከእነዚህ ትንንሾቹ ቅርጻቸው የተዛባውን ፕሮቲኖች ደግፈው ይይዛሉ፤ ኤችኤስፒ 101 የተባለው ደግሞ የተጣበቁትን ፈልቅቆ ይለያያል። እኔን እጅግ የሚደንቀኝ አራቢዶፕሲስ በተባለችው አነስተኛ ተክል ላይ የታየው ነው፦ በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ90 ደቂቃ የቆየ ቡቃያ በኋላ 45 ዲግሪን ለ2 ሰዓት ይቋቋማል፤ ኤችኤስፒ 101 የሌለው ግን ቢለማመድም ይሞታል።