ትልቁን ፓምፕ ገዝቼ ያቃጠልኩበት ክረምት

ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ። ቦታው ዳገት ስለሆነ ግንበኛው ከኋላ ቆፍሮ ምድር ቤት አወጣልን፤ ሦስቱ ግድግዳዎች አፈር ውስጥ ናቸው። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያ እንደ ላብ ችፍ ይልና ሊሾው ላይ ይተኛል። የመጀመሪያውን ዓመት በባልዲ ቀድተን አለፍን። በሁለተኛው ዓመት ከታች የተደረደረው የጤፍ ጆንያ ሻገተ።

ዳገት ላይ እየኖርክ ለምን በቦይ አታፈሰውም ያላለኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው፤ ቢቻል ኖሮ ፓምፕ ባልገዛሁ። ነገር ግን ከወለሌ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጎረቤቴ ጓሮ ብቻ ነው። ሽማግሌው ጎረቤቴም «ልጄ፣ ዝናቡን ፈጣሪ ሰጠኝ፤ ያንተን ግን አልቀበልም» ብለውኛል።

ስለዚህ ጥጉ ላይ ወለሉን ሰብሬ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከዚያ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሻጩ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ይበቃሃል ቢለኝም የደሴን ክረምት እኔ አውቀዋለሁ ብዬ ባለ አንዱን ጠላቂ ፓምፕ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ፓምፑ ውሃውን በሦስት ሰከንድ ይጨርስና ይቆማል። ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር። እኔ ብርታቱ መስሎኝ ደስ አለኝ። ነሐሴ ሳይጋመስ ተቃጠለ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሜትር ይዤ ስቀመጥ ነው። በዚያ ጠባብ ጉድጓድ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 7 ሊትር ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው የ2 ኢንች ቱቦ ደግሞ በ4 ሜትር ርዝመቱ 8 ሊትር ያህል ይይዛል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቼክ ቫልቭ አላስገባሁም ነበርና ፓምፑ በቆመ ቁጥር የቱቦው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱን ይሞላል፤ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ እያለ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያም መልሶ ያስነሳዋል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ እረፍት የሌለው መነሳት አንገበገበው። ያችኑ ስምንት ሊትር ሲያወጣና ሲመልስ ነው የሞተው።

ከግድግዳው የሚመጣውን ውሃ የለካሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። በከባድ ዝናብ ጉድጓዱን ቀድቼ ሰዓት ያዝኩ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ወሰደ። በደቂቃ ሦስት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ለዚህ ውሃ ግማሽ የፈረስ ጉልበትም ተርፎ የሚፈስ ነው።

በሁለተኛው ተከላ የተቃጠለውን በባለ ግማሹ ተካሁ፤ ጉድጓዱን አሰፋሁና የ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል በስቼ ቀበርኩ፤ ዙሪያውን ጠጠር ሞላሁ። ተንሳፋፊው 30 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ ወደ 80 ሊትር ይወጣል፤ በከባዱ ዝናብ እንኳ ፓምፑ በየሃያ ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢነሳ ነው። ከፓምፑ በላይ ቼክ ቫልቭ ገባ። ከቫልቩ በታች ቱቦው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁ፤ ያለዚያ አየር ይታመቅና ፓምፑ ውሃ ሳያወጣ በከንቱ ይሽከረከራል። ቀድሞ በፕላስተር የቀጠልኩትን ገመድ አውጥቼ ጥዬ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር አስገጠምኩ። እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ አንዴ ነዝሮኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ትንሹ ፓምፕ ያልጠበቅሁትን ጥቅም አመጣ። መብራት የሚጠፋው ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ በሰዓት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሠራን ፓምፕ ግን አንድ የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ከሚለውጥ ኢንቨርተር ጋር፣ ሌሊቱን ያሳድረዋል። ኢንቨርተሩ ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን መቻል ብቻ አለበት።

የሚያሳፍረኝን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የቤቱ አሸንዳ የሚያፈሰው ከኋላ ግድግዳው ሥር ነበር፤ የፓምፑንም ቱቦ እዚያው ነበር ያወጣሁት። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ውሃ ነው። የገዛ ጣሪያዬን ውሃ በኤሌክትሪክ እየቀዳሁ ለራሴ ስመልስ ከርሜያለሁ። ሁለቱንም እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ ወሰድኳቸው።

ዘንድሮ ፓምፑ ሥራ ፈትቶ ተንሳፋፊው በደለል ተጣበቀ። አሁን በየግንቦቱ በርሜሉን አጥቤ ፓምፑ እስኪነሳ ድረስ ውሃ እጨምርበታለሁ።