ፌስታል ቀለም አይወድም

ሐይቁን ጨረስኩ! በወዳደቁ ነገሮች መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አምስተኛ ሥዕሌ ነው፤ "አለቀ" ብዬ ከልቤ የተቀበልኩት ግን የመጀመሪያው። ውሃው በሙሉ ሰማያዊ ፌስታል ነው፤ ብሩሽ አልነካውም። አራት ወር ፈጀብኝ፤ ሦስቱ ያለቁት ከዚሁ ፌስታል ጋር ስታገል ነው።

አጀማመሬ ብዙም አያስወራም። ድሮም የምስለው መልክዓ ምድር ነበር፦ ተራራ፣ ዛፍ፣ ሰማይ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጬ ንድፍ ስሠራ፣ ቁጥቋጦው ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ቅጠል አድርጌ እንዳለፍኩት ታወቀኝ። ዓይኔ ያየውን እጄ ደበቀው። ነገሩ ከነከነኝና ከዚያ በኋላ ወንዝ ዳር የለቀምኩትን እያጠብኩ ሥዕሉ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ካርቶን ላይ ነበር፤ ፊቱን ብቻ ጄሶ (ከቀለም በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) ቀብቼው ሲደርቅ እንደ ታንኳ ተቆለመመ (ጀርባውንም ቀቡት፣ በቃ)። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቆርኪ ደረደርኩ፤ ጌጣ ጌጥ መሰለ። አራተኛውን አላሳያችሁም።

ጉዱ የመጣው አምስተኛው ላይ ነው። ፌስታሉን ሸራው ላይ ወጠርኩና ማዕበሉን በአክሪሊክ፣ በውሃ በሚቀጥነው የሥዕል ቀለም፣ ሣልኩበት። ማታ ሳየው ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ጫፉን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው፣ ቀለሙ ከወተት ላይ እንደሚነሣ ስልባቦት ሳይቆረጥ ተገፎ መጣ። ማዕበሉ እንዳለ ጣቴ ላይ ተንጠለጠለ። ሌላ ፌስታል አመጣሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ በአልኮል ጠረግኩት፣ ጄሶ ቀባሁት። ያዘ! ግን ሸራውን ከቦታ ቦታ ሳንቀሳቅስ ተሰነጣጠቀ፤ ፌስታሉ ይተጣጠፋል፣ ጄሶው እሱን አይከተለውም። ኮላስ? ሸራው ላይ ያረፈው ደረቀ፤ ፌስታል በፌስታል ላይ የለጠፍኩት ግን ሳምንት አልፎትም ያሙለጨልጭ ነበር። ነጩ ኮላ የሚደርቀው ውሃው ሲወጣለት ነው፤ በሁለት ፌስታል መሀል የታፈነ ውሃ በየት በኩል ይውጣ?

ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም። ፌስታል ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ገጹ ላይ ምንም ነገር ማሳረፍ አይወድም። አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ሳይንጣለል ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ቀለምና ኮላውም እንደዚያው ናቸው። የፕላስቲክ ዕቃ ስትለቅሙ ላዩ ላይ የታተመው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ፤ የፕላስቲኩን ዓይነት ይነግራችኋል፦ 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሦስቱም ያስቸግራሉ። 1 የሚል የውሃ ፕላስቲክ በደንብ ከተፈተገ ይሻላል። በእሳት አቅልጡት የሚሏችሁን ግን አትስሙ። 3 ቁጥሩ ፒቪሲ ሲቃጠል የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ለአካባቢ ተቆርቋሪ ነኝ እያሉ ፕላስቲክ ማጨስ ደግሞ ምን ይባላል? ይህን የምለው እኔ ራሴ ፌስታሉን በካውያ ሞክሬው ነው። ተጨማደደ፤ ሽታው ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም።

ያነቃኝ የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ፎቶ ነው። የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የሚጠቀመው፤ ከሩቅ ከላይ የታየ ማሳ ይመስላል፤ ቀዩም ቢጫውም የሽቦው የራሱ ሽፋን ነው። ጋናዊው ቀራፂ ኤል አናትሱይም የጠርሙስ ክዳኖቹን በመዳብ ሽቦ ነው የሚያያይዛቸው። እኔ ሰማያዊ ፌስታል ላይ ሰማያዊ ቀለም ለማጣበቅ ሦስት ወር እጨቃጨቃለሁ! ቀለሙ እኮ አብሮት ነበር።

መርፌና ክር አነሣሁ። መጀመሪያ ጠቅጠቅ አድርጌ ሰፋሁትና በመርፌው ቀዳዳ መስመር ልክ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀደደ። አሁን ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፌ፣ ስፌቱን አራርቄ እሰፋለሁ። ነጠላ ፌስታል ገረጣ ያለ ነው፤ ሦስት ሲደራረብ ጥልቅ ውሃ ይሆናል፤ ዳር ዳሩን አንድ፣ መሀሉን አራት አደረግኩት። የመስኮቱ ብርሃን ከጎን ሲመታው፣ ተጨብጦ የነበረበት ጭረት ሁሉ ሞገድ ሆነ። ያንን በብሩሽ አላመጣውም ነበር።

እንግዲህ ኑዛዜ። የለቀምኩት ሰማያዊ አልበቃ ብሎኝ ግራው ጥግ ላይ ያለው አዲስ የተገዛ ፌስታል ነው። አዎ፣ ስለ ቆሻሻ ለመሣል ቆሻሻ ገዛሁ። ተራራዎቹ ደግሞ አክሪሊክ ናቸው፤ አክሪሊክም ሲደርቅ ያው ፕላስቲክ ነው። የብሩሼን እጣቢ ድሮ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ ነበር የምደፋው፤ አሁን ቆርቆሮ ውስጥ አዘቅጬ፣ ላይ ላዩን አፍስሼ፣ ዝቃጩን አደርቀዋለሁ። ከላይ የሚፈሰውም ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም። ፌስታል ፀሐይ ሲመታው እየደረቀ ስለሚሰባበር ሥዕሉን ከመስኮቱ አርቄ ሰቅዬዋለሁ፤ ማለትም ያ የምወደው የጎን ብርሃን ቀርቶብኛል።

አሁን የዛገ ቆርቆሮ ይዣለሁ፤ የተሸረሸረ ኮረብታ ሊሆን። ትናንት ጄሶ ቀባሁት፤ ዛሬ ጠዋት ነጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ብሏል። ጄሶው ውሃ ስላለበት ዝገቱን እንደቀሰቀሰው ገብቶኛል። መጀመሪያ ዘይት ቀመስ ፀረ ዝገት ቀለም ልቀባው ወይስ ዝገቱን እንዳለ ልተወው? የሞከራችሁ ካላችሁ ከነፎቶው አሳዩኝ።