የ7 ሺህ ብሩ ኪቦርድ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት እሠራለሁ። ቴሌቪዥኑን ሌሎቹ ይይዙታል። እኔ ላይ የሚወድቀው ኪቦርድ፣ አምፕሊፋየርና ሚክሰር ነው። የሙዚቃ ዕቃ የሚጠግን ሰው ደግሞ ሳይፈልግ የሰው ቤት ምስጢር ይሰማል። «ሚስቴ ከጠየቀችህ ጓደኛው ነው ያዋሰው በላት» የሚል ደንበኛ ብርቅ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ዋጋውን ቀንሱልኝ የሚልም አለ። ለእሱ አለቃችን መልሱ አንድ ነው፤ «ማሽኑ እኔንም አይሰማኝ!»

ይህ የዋጋ ውሸት የሚያዋጣው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ርካሹም ውዱም ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ 61 ቁልፍ ነው ያለው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለቱም ላይ ያማሃ የሚል ተጽፎባቸዋል። ልዩነቱ ውስጡ ነው። ለምሳሌ ውዱ ላይ የእያንዳንዱን ኖታ ድምፅ ለብቻው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አንቺ ሆዬን ከማሲንቆ ጋር የሚጫወት ሰው ይህን አጥብቆ ይፈልገዋል። ለማይጫወት ሰው ግን ያው ኪቦርድ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኪቦርድ ይዛ መጣች። ባሏ ሠርግ ላይ የሚጫወት ነው። እሱ ኮምቦልቻ ሥራ ይዞ፣ በጓደኛው ኪቦርድ ሊጫወት ወርዷል። ቤት የቀረው የራሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በዚያው ጭጭ አለ። ከፈትኩት። ባለ 16 ቮልቱ አዳፕተር ተቃጥሏል፤ ውስጥም የኃይል ክፍሉ ተነክቷል። አዳፕተሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው። ዶላር በሐምሌ 2016 ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ካለፈ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ደምሬ 9 ሺህ 500 ብር አልኳት።

«ስንት?»

ደገምኩላት።

«ወንድሜ፣ ወላሂ አታፍርም? ዕቃው ራሱ እኮ 7 ሺህ ብር ነው የተገዛው!»

(ደሴ ውስጥ ወላሂ የማይል ክርስቲያን ካለ አሳዩኝ።)

ሞዴሉን ድጋሚ አየሁት። እኛው ቤት አንድ ሰው ያንኑ ዓይነት በ70 ሺህ ፈልጎ አጥቶ ከሄደ ብዙም አልቆየም። ነገሩ ገባኝ። ግን ምን ልበላት? እውነቱን ብናገር የሰው ትዳር መሃል ገባሁ። ዝም ብል ሌባው እኔ ነኝ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። አለቃችን ደረሰልኝ። «እህቴ፣ አብሽሪ። ባለቤትሽ ይደውልልንና እንነጋገራለን» አላት። እሷም ጭራሽ ተጠራጠረች። ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች።

የቀጣዩን ታሪክ የሰማነው በማግስቱ ሁለቱም አብረው ሲመጡ ነው። ከእኛ ወጥታ ሌላ ባለሙያ ጋር ሄዳለች። ያኛው አላመነታም። «ከምታሠሪው ሽጪልኝ፤ 5 ሺህ ልስጥሽ» አላት። ለተቃጠለ የ7 ሺህ ብር ዕቃ 5 ሺህ ማን ይጠላል? 1 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብላ ለባሏ በደስታ ደወለች። ሰውየው ሥራውን ጥሎ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጣ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሽያጩን ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ነው የሚመልሰው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። 2 ሺህ ብር ከፍሎ የገዛ ኪቦርዱን አስለቀቀ።

ሰውየውን ክፉ አልለውም። የቀድሞው ዕቃው በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጠፍቶበታል። ጥሩ ዕቃ ያልያዘ ተጫዋች ሠርግ አይጠራም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በሚቆጠርበት ቤት «ለኪቦርድ 70 ሺህ አወጣሁ» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። ይህ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ የተባለው ዋጋ ዕቃውን ምን እንደሚያደርገው እንዴት እንዳላሰበ ነው።

«ስታብላይዘር የለውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ባል መሬት መሬቱን አየ። የመለሰችልኝ እሷ ናት።

«አለን፤ የፍሪጁ ነው። ለኪቦርዱም እንግዛ ብሎኝ ነበር። ለ7 ሺህ ብር ዕቃ ስታብላይዘር ምን ያደርጋል ብዬ እኔው አስቀረሁት።»

ልክ ናት። የነገሯትን ሂሳብ ነው የሠራችው። የፍሪጁን ዋጋ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ፍሪጁ ይጠበቃል። ኪቦርዱ ግን ከስልክ ቻርጀር ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ፣ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ለብሶ ይውላል ያድራል። ብዙ ሰው የዋጋ ውሸት ሚስት እስካልሰማች ድረስ ጉዳት የለውም ይላል። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ የማየው ሌላ ነው። በርካሽ ዋጋ የተጠራ ዕቃ ቤት ውስጥ እንደ ርካሽ ይያዛል። ቀጥሎ ዋጋ የሚጠራ ሰው፣ ጠጋኝም ይሁን ገዢ፣ ወይ ሌባ ይባላል ወይ ሲሳይ ይወድቅለታል።

እሷን ከገንዘቡ ይልቅ ያናደዳት እኛ ፊት የጮኸችው ነው። «ሰው ፊት አዋረድከኝ። ይሄን ሰውዬ ሌባ አስባልከኝ» አለችው፤ እኔን በጣቷ እያሳየች። እሱ «ልነግርሽ ነበር» አለ። መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ መቀበያ ካርዳችን ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «የጥገና ዋጋ ለማን ይነገር?» የሚል። የሁለት ሰው ስልክ እንጽፋለን። የአዲሱን ዕቃ ዋጋ እኛ አንናገርም፤ አንዋሽምም። ከጠየቁን «ባለቤቱን ጠይቁ» ነው መልሳችን። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን መስመር ሲያይ ይስቃል፤ አንዳንዱ የሚስቱን ቁጥር ለመጻፍ ቶሎ እጁ አይታዘዝለትም።

ሴትየዋ ንግግሯን ስትጨርስ ወደ አለቃችን ዞረችና ክርክር ጀመረች። ዋጋ የማይነካው ሰውዬ 9 ሺህ ላይ ወረደ። ስታብላይዘርም አስጨምራ ገዛች። ደረሰኙ ሊቆረጥ ሲል ባል ስሙን መናገር ጀመረ፤ እሷ አቋረጠችውና የራሷን ስም አስጻፈች።