ፖም ያለበት ቦምቦሊኖ ለክረምት እሁድ ቁርስ

በዘይት በሚጠበስ ሊጥ ውስጥ ፖም መክተት እብደት ይመስላል። ፖም ከመቶ 85 እጁ ገደማ ውሃ ነው። ውሃና የጋለ ዘይት ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ደግሞ አንዴ ሽንኩርት የጠበሰ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ግን ክረምት በገባ ቁጥር እሁድ ጠዋት ያምረኛል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ከብርድ ልብስ የሚወጣ ሰው የለም። የቀረፋው ሽታ ከወጥ ቤት ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ይሰበሰባል። ተራ ቦምቦሊኖ በየሰፈሩ ይሸጣል። ውስጡ ፖምና ቀረፋ ያለበት ከፈለግን ግን እጃችንን ሊጥ ውስጥ መክተት ነው።

ብዙ ሰው ስለ ሊጡ ይጨነቃል። ሊጡ ምንም አይልም። ሥራው ያለው ፖሙ ላይ ነው፤ በተለይ ውሃው ላይ። ይህን ያስተማረችኝ እማዬ ናት። እሷ ፖም አብስላ አታውቅም፤ ሳምቡሳ ላይ ግን የሚስተካከላት የለም። ጥሬ ፖም ከትፌ፣ ስኳር ነስንሼ ልጠቀልል ስል አየችኝና «ልጄ፣ ምስር እንኳ ውሃው ሳይደርቅ ይጠቀለላል እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሊጥ ውስጥ የታፈነ ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ውሃው ይዞት ከነበረው ቦታ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ደካማውን ስፌት ይተረትራል። ከዚያ ጭማቂው ዘይቱ ውስጥ ይፈስሳል፣ ዘይቱ ይንጣጣል፣ ስኳሩ ያርራል። በአሜሪካ አፓላቺያ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያሉ ሰዎች ከዚህ ጣጣ ከድሮ ጀምሮ ተገላግለዋል። ፖሙን በደረሰበት ወቅት ቆራርጠው ያደርቁታል። በኋላ ያንኑ ደረቅ ፖም ቀቅለው፣ ጨፍልቀው፣ በሊጥ ጠቅልለው ይጠብሱታል። ደረቅ ፖም እኛ ጋ እንደ ልብ ስለማይገኝ የትኩሱን ውሃ ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ።

ፖሙን መምረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍራፍሬ ቤት ተደርድሮ የሚያብረቀርቀው ቀይ ፖም እንዲሁ ሲበሉት ደስ ይላል፤ ለዚህ ግን አልወደውም። አብዛኛው ጣፋጭ ብቻ ነው፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ይፈርሳል። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴው ጎምዘዝ ይላል፤ ሲበስልም ቅርጹን ይይዛል። ጎምዘዝ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ስኳር፣ ዘይትና ሊጥ አንድ ላይ ሲሆኑ አፍን ይዘጋሉ፤ ያንን የሚሰብረው የፖሙ ኮምጣጣነት ነው።

ካገኘሁ ግን የጨንቻን እገዛለሁ። ጨንቻ ጋሞ ደጋ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ፖም ወደ አካባቢው የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ በሚሲዮናውያን አማካኝነት ነው። የፖም ዛፍ በወጉ ለማበብ የብርድ ወቅት ይፈልጋል፤ እዚያ ደጋ ላይ ደግሞ ብርድ ሞልቷል። እጄ የገባው የጨንቻ ፖም አነስ ያለ፣ መልኩም የማያምር ነው። ለመጥበስ የሚፈለገው ጥንካሬ ግን አለው። ፖም ርካሽ ፍሬ አይደለም፤ ስለዚህ ለመልኩ ከፍዬ መልሼ የምልጠውና የምከትፈው ነገር አይገባኝም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ አራት መካከለኛ ፖም፣ ወደ 600 ግራም፣ እልጥና የትንሽ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን እከትፋለሁ። 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አድርጌበት ለግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ስኳሩ ውሃውን ከፖሙ ስቦ ያወጣዋል። ከሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ መጠን ያላየ አያምንም።

ፈሳሹን በወንፊት አጠልልና ለብቻው መጥበሻ ላይ አንተከትከዋለሁ። ማንኪያ ላይ መያዝ ሲጀምር አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤና የተጠለለውን ፖም እጨምራለሁ። መካከለኛ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ፖሙ መለስለስ እንጂ መፍረስ የለበትም። መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ አፈስስና ሌላ አንድ ደቂቃ አማስላለሁ። መጥበሻው ላይ በማንኪያ መስመር አሰምራለሁ። መስመሩ ተመልሶ ካልተሞላ ደርሷል ማለት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ከትቶ ውሃው እስኪመጥ መቀቀልም ይቻላል፤ ግን ያኔ ፖሙ ገንፎ ይሆናል። ጭማቂውን ለብቻ ማወፈሩ ፖሙን ሳያፈርስ ጣዕሙን ያስቀራል።

ቀረፋው የሚገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ። ቅርፊቱን ገዝቼ ራሴ እወቅጠዋለሁ። ተፈጭቶ የከረመ ቀረፋ ቀለሙ ይቀራል እንጂ ሽታው ሄዷል። ከእሱ ጋር ሁለት ሦስት የኮረሪማ ዘር እወቅጣለሁ። ይሄ የእኔ ነው፤ ለፖም የሚስማማው ያህል ለሌላ ፍሬ ሲስማማ አላየሁም። ቅርንፉድ ግን ሁሉንም ይጫናል። እሱ ለሻዩ ይቆይ።

ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው። ለብ እስኪል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ። ሞቅ ያለ ከሆነ ሊጡን ከውስጥ ያላላዋል፣ ይፈስሳል፣ ጠርዙንም ያቀባዋል። ቅባት የነካው ሊጥ ደግሞ አይጣበቅም።

ስለ ሊጡ ብዙ አልናገርም። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ እንቁላል፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሩብ ሊትር ለብ ያለ ወተትና 5 ግራም ደረቅ እርሾ። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው አሥር ደቂቃ ማሸት፣ ዘይት በተቀባ ሳህን ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀረፋ ሊጡ ውስጥ አይግባ። ቀረፋ በዛ ሲል እርሾውን ያዳክመዋል። ስኳሩንም ማብዛት ጥሩ አይደለም፤ ጣፋጭ ሊጥ ውስጡ ሳይበስል ውጭው ይጠቁራል።

እርሾው ለምን አነሰ የሚል ይኖራል። ይህ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የተማርኩትም ይሄንኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዩቲዩብ ላይ የምናየው አሠራር በአብዛኛው የተለካው ዝቅ ባለ ቦታ ለሚኖሩ ነው። እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ እርሾ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ቪዲዮው ላይ ሁለት ሰዓት የተባለው ሊጥ እዚህ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን ማየት ይሻላል፤ እጥፍ ከሆነ በቃው። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደሩም ይህንን ያረጋጋዋል፣ ጣዕምም ይጨምርለታል።

ዘይቱም እንደዚሁ ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃም ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ስለዚህ ውስጡ እንደ ቆላው አይግልም፣ ለመብሰልም ጊዜ ይፈልጋል። ውጭው ግን አይጠብቀውም። መጽሐፍ ላይ 180 ዲግሪ የሚል ከሆነ እኔ 165 ላይ ነው የምጠብሰው። ላዩ ቀይ፣ ልቡ ሊጥ የሆነ ቦምቦሊኖ ሲያጋጥማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእርሾው አይደለም፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ቁራጭ ሊጥ ይጣልበት። ወደ ታች ወርዳ ቀስ ብላ ከተነሣች፣ ዙሪያዋን ደቃቅ አረፋ ከያዘች፣ ቀለም ለመያዝም አንድ ደቂቃ ያህል ከወሰደባት ዘይቱ ደርሷል። ገና ከመጣሏ ከላይ ከተንሳፈፈችና ወዲያው ከቀላች እሳቱ ይቀነስ። ጭስ ካየን ደግሞ አልፏል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቁጥሩ ቢቀነስም ግለቱ ቶሎ አይበርድም፤ ድስቱን አንሥቶ ጎን ማስቀመጥ ይፈጥናል። እኔ የምጠቀመው የሱፍ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት ለወጥ እወደዋለሁ፤ እዚህ ግን ጣዕሙ ከቀረፋው ጋር ይጣላል።

እሁድ ጠዋት ሊጡን ከፍሪጅ አውጥቼ ቀዝቃዛ እንደሆነ እሠራዋለሁ። ቀዝቃዛ ሊጥ እጅ አይዝም፣ ብዙ ዱቄትም አይጠይቅም። 55 ግራም ገደማ እያደረግሁ እድቦለብላለሁ፤ 15 ወይም 16 ይወጣዋል። እያንዳንዱን በመዳመጫ እዘረጋዋለሁ፤ መካከሉን ወፈር፣ ጠርዙን ሳሳ አድርጌ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፖም መካከሉ ላይ። ከዚያ በላይ ማድረግ ያምራል፤ ግን አይዘጋም። ጠርዙን በጣት ውሃ ነካ አድርጌ እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፈዋለሁ። አየሩን ከፖሙ ዙሪያ ወደ ውጭ ገፋ ገፋ አድርጌ በጣት እጫነዋለሁ፣ ከዚያ በሹካ። እማዬ የሳምቡሳዋን አፍ በዱቄትና ውሃ ሙጫ ነው የምትዘጋው። እርሾ ላለው ሊጥ ውሃ ብቻ ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ የቀረ ዱቄት ግን መራገፍ አለበት። ዱቄት ያለበት ጠርዝ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ዘይት ውስጥ አፉን ይከፍታል።

ከተዘጋ በኋላ እያንዳንዱን በተቆረጠ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አስቀምጬ እስኪነፋ ድረስ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ክረምት ላይ ወጥ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ቡናውን የምቆላው በዚህ መካከል ነው። ወረቀቱ ለምን መሰላችሁ? የተነፋውን ሊጥ በእጅ ካነሣነው ይተነፍሳል። ከነወረቀቱ ወደ ዘይቱ ዝቅ ሲደረግ ግን ወረቀቱ ራሱ ይለቅቃል፤ በመቆንጠጫ ማውጣት ነው።

አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ዘይት ሦስት ሦስቱን እጠብሳለሁ። ድስቱ ከተጨናነቀ ዘይቱ ይበርዳል፣ ሊጡም ዘይት ይጠጣል። በየጎኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ። ከዘይት ሲወጣ ሽቦ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ሶፍት ላይ ከተተወ በራሱ እንፋሎት ከሥሩ ይርሳል።

ስኳርና ቀረፋ ቀላቅዬ የማንከባልለው ከወጣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ወዲያው ከሆነ ስኳሩ ይቀልጣል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ አይይዝም። ከመጠበሱ በፊት ላዩ ላይ መነስነስ ግን አይታሰብም፤ ቀረፋው ዘይቱ ውስጥ ያርርና ቀጣዩን ሁሉ ያመርረዋል። እንደወጣ የሚነጥቁ ልጆችን መከልከል ያስፈልጋል። ሊጡ ቢበርድም ውስጡ ያለው ፖም ምላስ ያቃጥላል።

ፍልሰታ ሲገባ ወተቱ፣ እንቁላሉና ቅቤው ይወጣሉ። በቦታቸው 290 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባል፤ ፖሙም ያለ ቅቤ ይበስላል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለመጥበስ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ መጠበቁ ይመቻል። የጾሙ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው፤ ስለዚህ ቀለም አልያዘም ተብሎ እሳት አይጨመርበት። ውጭው ከፍስኩ ይልቅ ኩርሽም ይላል፣ ግን ለነገ አይሆንም፤ ይደርቃል። እማዬ ጾም ባልሆነበት ጊዜም «የጾሙን ሥሪልኝ» ትላለች። ልጆቹ ወተት ያለበትን ይላሉ። እኔ ቡና የሚያፈላልኝ ማን እንደሆነ ካየሁ በኋላ ነው የምወስነው።