ፀጉሬ፣ የጥብስ ቅጠሉ እና አባ ኮዳ

ተማሪዎቼ አባ ኮዳ ይሉኛል። ፊት ለፊት አይደለም፣ ከኋላዬ ነው። ሐዋሳ ላልኖረ ሰው ላስረዳ። አሞራ ገደል የሚባለው ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲበለት ዳር ቆሞ ትርፍራፊ የሚጠብቅ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያክል፣ ጭንቅላቱ ላይ ከጥቂት ብን ብን ካለች ፀጉር በቀር ምንም የሌለው ትልቅ ወፍ አለ። አባ ኮዳ እሱ ነው። ስሙን ያወጣልኝን ልጅ አውቀዋለሁ፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆነ ምንም ላደርገው አልቻልኩም። ደግሞ አልተሳሳተም።

ነገሩን ያወቅኩት ግን ከነሱ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነው። ሰዉ ከየአገሩ መጥቶ ከተማው ጢም ብሏል፣ አንድ ጓደኛዬ አጥር ላይ ወጥቶ ከላይ ፎቶ አነሳን። ማታ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሕዝቡ መሀል አናቱ የሚያበራ አንድ ሰውዬ አየሁ፣ ምስኪን አልኩ። ከዚያ ጋቢው የኔን መሰለኝ። ፎቶውን ጎትቼ አተለቅኩት። እኔ ነኝ። ለካ ፀጉር ቆራጬ ሲጨርስ ከኋላ የሚያሳየኝን መስታወት ሰሞኑን አንዴ ብልጭ አድርጎ የሚመልሰው ይሉኝታ ይዞት ነው! ያኔ 29 ዓመቴ ነበር።

ከዚያ ኮፍያ ተጀመረ። ከክፍል ስወጣ ኮፍያ፣ ሐይቅ ዳር ኮፍያ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ኮፍያ። ቤተ ክርስቲያን ግን ወንድ ልጅ ራሱን ሸፍኖ አይቆምም፣ ስለዚህ እሁድ እሁድ መጨረሻ ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ መቆም ጀመርኩ። እማዬ ልጄ ትሕትና ገባው ብላ ደስ አላት።

ፀጉርህ እያለቀ መሆኑን ሰው ካወቀ ደግሞ አለቀልህ፣ ሁሉም ሐኪም ነው። እማዬ ለጋ ቅቤ ይቀባ አለች። እህቴ ከወለደች በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ እየወጣ ያስለቅሳት ነበር፣ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀብታ እንደ ድሮው ሆነላት፣ ጠርሙሱን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፀጉር ቆራጬ ጢሙ ላይ ሳንቲም የሚያክል ላሽ ወጥቶበት የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ እያሸ አድኖታል፣ በእናቱ ስም ይምላል። አክስቴ ደግሞ ግንባሯ ዳር ተመልጦ የነበረው በጉሎ ዘይት በቀለላት። ማንም አልዋሸኝም፣ ሁሉም በዓይኔ ያየሁት ነው። ታዲያ ለምን አልሞክር? ሁሉንም ሞከርኩ።

ቅቤው ትራሴን አበላሸው። ሽንኩርቱን ለሁለት ወር ያህል አንድ ቀን እየዘለልኩ አሸሁ፣ ባለቤቴ ሳሎን መተኛት ጀመረች። ከዚያ ሮዝመሪ የሚባል ነገር ዓለሙን ሁሉ እያሳበደ ነው አሉኝ፣ ስጠይቅ ለካ የኛው የጥብስ ቅጠል ነው። ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ በሚረጭ ዕቃ ሞልቼ ጠዋት ጠዋት አናቴ ላይ እረጨው ጀመር። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ጥብስ ነው እንዴ የያዝከው?» አለኝ። እስከ ፒያሳ መልስ አልሰጠሁትም።

መጨረሻ ላይ የሠራሁትን ለመናገር አፍራለሁ። ከአንድ የቲክቶክ ሻጭ ስም የሌለው፣ ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበት ቅባት ገዛሁ። በ21 ቀን ያበቅላል ይላል። በሦስተኛው ቀን ራሴ አብጦ ውሃ ቋጠረ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ ብቻ ባስብ ኖሮ የ21 ቀኑን ተስፋ ራሴ አስልቼ እተወው ነበር። ተስፋ ግን ሒሳብ አያውቅም።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለፀጉሩ ሳይሆን ለቃጠሎው ነው። ዶክተሯ ቁስሉን ካዩ በኋላ መብራት ያለው ትንሽ ማጉያ አናቴ ላይ አስጠግተው ብዙ ደቂቃ አዩ። ከዚያ ስልካቸው ላይ አሳዩኝ። ጎን ለጎን የበቀሉት ፀጉሮች ውፍረታቸው አንድ አይደለም፣ አንዱ ክር ነው፣ አጠገቡ ያለው የሸረሪት ድር። «ያንተ ፀጉር ከመርገፉ በፊት እየቀጠነ ነው» አሉኝ። ከወንዱ ሆርሞን የሚወጣ ዲኤችቲ የሚባል ነገር አለ፣ በዘር የተጋለጠ ሰው ላይ የአናቱንና የግንባሩን ሥር ቀስ በቀስ ያጫጨዋል፣ የጎኑንና የማጅራቱን አይነካም። ለዚህ ነው የኛ ቤት ወንዶች ሁሉ ዙሪያችንን አጥር ያለን መሀላችን ሜዳ የሆነው።

የገዛኋቸውንና የቀባኋቸውን ስዘረዝርላቸው ግን አልሳቁብኝም፣ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እህትህ ከወለደች ስንት ወሯ ነበር? ሦስት። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆይና ከወሊድ በኋላ አንድ ላይ ይወርዳል፣ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ለአብዛኛዋ እናት በራሱ ይመለሳል፤ ጥቁር አዝሙድ ባትቀባም ይመለስ ነበር። አክስትህ ሹሩባ አጥብቃ ትሠራ ነበር? አዎ፣ ዓይኗ እስኪሳብ ድረስ። ዘይቱን ስትጀምር ሹሩባውን ትታ ነበር? ትታ ነበር። በጊዜ ከተወችው ይበቅላል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል። የፀጉር ቆራጩ ላሽ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታከምም ይመለሳል። ሽንኩርቱ እንኳ ቀልድ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባግዳድ ውስጥ ላሽ በያዛቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከውሃ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ላሽ ላይ ነው! እኔ ላሽ የለብኝም።

ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው በሽታ ሳክም ነበር ለካ። ምስክሮቼ ሁሉ እውነታቸውን ነው፣ ድነዋል፣ የዳኑት ግን እኔ ካልታመምኩት ነገር ነው። ቢሮ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ መምህር የልጁን ቆረቆር በቅባት ብቻ አድናለሁ ብሎ ሲለፋ ያየሁት ትዝ አለኝ። ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ላይ ላዩን የሚቀባው ብቻውን ሥሩ ድረስ አይደርስም። በማግስቱ ነግሬው ልጁን ሐኪም ቤት ወሰደው። ለኔ ያልጠቀመው ጉዞ ለልጁ ጠቀመ።

ለኔ የታዘዘልኝ ሚኖክሲዲል ነው፣ አምስት ፐርሰንቱ። ታሪኩ ደስ ይላል። መጀመሪያ የሚዋጥ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የዋጡት ሰዎች ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ፀጉር ሲያበቅሉ ጊዜ ራስ ላይ ቢቀባስ ተባለ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች ፈቀደችው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ አሰልቺነቱ ግን አይጣል። አንድ ሚሊ ሊትር ጠዋት፣ አንድ ሚሊ ሊትር ማታ፣ በደረቅ ራስ ላይ። የ60 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ልክ 30 ቀን ይሄዳል። ካቆምክ ያበቀልከው በወራት ውስጥ ይረግፋል፣ ማለትም የዕድሜ ልክ ዕቁብ ነው፣ ዕጣ የማይወጣበት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የውጭ መድኃኒት ዋጋ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሬ ከበፊቱ ብሶ መርገፍ ጀመረ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ጠርሙሱን የሚወረውረው፣ እኔም ልወረውረው ነበር። ዶክተሯ ስደውልላቸው «ደካማው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው፣ ታገሥ» አሉኝ። ታገሥኩ። እስከ አራተኛው ወር ምንም የለም፣ ያሳክከኛል፣ ፎሮፎር መሰለ። አንድ ሰሞን ማታ ማታ ተቀብቼ ሳይደርቅ እየተኛሁ ከርሜ ግንባሬ ላይ ፀጉር ጀማመረኝ፣ ማለት ባልተፈለገበት ቦታ አንደኛ ነው። ቤታችሁ ድመት ካለች ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ ጥቂቷን እንኳ ከትራስ ወይ ከእጃችሁ ብትልስ ልትሞት ትችላለች። እኛ ቤት ድመቷ ከመኝታ ክፍል ተባራለች፣ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ፊናስቴራይድ የሚባል የሚዋጥም አለ። እሱ ዲኤችቲውን ራሱን ይቀንሰዋል፣ ብዙ ወንድ ላይ መርገፉን ያቆማል። ዶክተሯ ጥቂት ሰዎችን የወሲብ ፍላጎት እንደሚያሳጣ፣ እርጉዝ ሴት ደግሞ የተሰባበረውን ኪኒን መንካት እንደሌለባት አልደበቁኝም። እኛ ልጅ እየፈለግን ነው። ከባለቤቴ ጋር አወራንና ተውኩት። ሌላ ሰው ሌላ ይወስን ይሆናል፣ አልፈርድም። ብቻ ይህንኑ መድኃኒት፣ ለፕሮስቴት ሕመም የሚሸጠውን ባለ አምስት ሚሊ ግራም ኪኒን በቢላ ቆራርጦ በግምት የሚውጠውን ጓደኛዬን ሐኪም ሳታይ አታድርግ ብዬዋለሁ፣ አልሰማኝም።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ የራሱን አናት ዳበስ አድርጎ «እኔ የሰጠሁህን ውርስ ልትመልስ ነው ሐኪም ቤት የምትመላለሰው?» አለኝ። እማዬ ደግሞ ነቢዩ ኤልሳዕን መላጣ ብለው የሰደቡትን ልጆች ድብ እንደቦጫጨቃቸው አስታወሰችኝ። ለተማሪዎቼ ልንገራቸው ይሆን?

አሁን 16 ወር ሆነኝ። አናቴ ላይ ያለው ክፍተት ሞልቷል ባልልም ጠቧል፣ ፎቶ ከላይ ቢነሳ አላበራም። ግንባሬ ዳርና ዳር ያለው ግን የሄደ ሄዷል፣ አንድም አልተመለሰም። ኮፍያውን ትቼዋለሁ፣ አባ ኮዳ የሚለው ስም ግን አልተወኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ልቆረጥ ሄድኩ። ልጁ ሲጨርስ መስታወቱን ከኋላዬ ያዘው፣ እንደ ድሮው ብልጭ አድርጎ አልመለሰውም፣ ወዲያና ወዲህ እያዞረ አሳየኝ። ከዚያ ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «አላልኩም? ሽንኩርት እኮ ነው! የኛን ቲቸር እዩት!» አለ። ልናገር አፌን ስከፍት ምላጩን አንስቶ ማጅራቴን ማስተካከል ጀመረ፣ ምላጭ አንገት ላይ እያለ ክርክር አይነሳም፣ ዝም አልኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያደረገ አንድ ወጣት ቀና ብሎ «ቀዩን ነው ነጩን?» ብሎ ጠየቀው።