የሌላ መርከብ ቁጥር በእኛ ሬዲዮ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ በምሠራበት የወንዝ ጭነት መርከብ ሆላንድ ውስጥ ዶርድሬክት ከተማ ቆመን የጫንነውን አሸዋ ለማራገፍ ወረፋ እየጠበቅን ነበር። አንድ የሥራ ጃኬት የለበሰ ሰው ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጣ። ዘሎ አልገባም፤ ከታች ሆኖ ፈቃድ ጠየቀ። የሬዲዮ ተቆጣጣሪ ነው። ካፒቴኑ አስገባው፣ እኔ ቡና ቀዳሁለት።

"ከዚህ ሬዲዮ የሚወጣው ቁጥር የዚህ መርከብ አይደለም" አለን።

ክው አልኩ። ካፒቴኑማ ፊቱ ቀላ።

የወንዝ መርከብ ላይ ለማትሠሩ ትንሽ ላስረዳ። የመርከብ ሬዲዮውን እዚህ ሆላንድ ማሪፎን ይሉታል። ተናግረህ ቁልፉን ስትለቅ መጨረሻ ላይ "ጥርርር" የምትል አጭር ድምፅ ትወጣለች። ከ0.3 ሰከንድ አትበልጥም። አቲስ የምትባለው እሷ ናት። ውስጧ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ሁሌም 9 ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ አገሩን ይናገራሉ። የብዙዎቹ የሆላንድ መርከቦች 244 ነው። የኢትዮጵያ 624 ነው፤ ስለ ቁጥሮቹ የተማርኩ ቀን መጀመሪያ ፈልጌ ያገኘሁት እሱን ነው።

ራይንን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ ወንዞች ላይ ይህ ግዴታ ነው። አገሮቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባዝል ላይ ስምምነት ተፈራርመውበታል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቡካሬስት ላይ በአዲስ ተክተውታል። ጥቅሙን ያየሁት ጭጋግ በነበረበት አንድ ሌሊት ነው። የአንዱ መርከብ የመናገሪያ ቁልፍ ተጣብቆ ቻናሉን ዘጋው። ከፊት የሚመጣውን "በግራህ ልለፍ ወይስ በቀኝህ?" ብለህ መጠየቅ አትችልም። 110 ሜትር መርከብ ደግሞ እንደ መኪና ፍሬን ረግጠህ አታቆመውም። ቁልፉ ባይለቀቅም ሬዲዮው ቁጥሩን በየጥቂት ደቂቃው ይልካል፤ ያን ጊዜ ቻናሉን የዘጋው ማን እንደሆነ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሌላ መርከብ ከሆነ ተቆጣጣሪዎቹ የሚደውሉት ቤቱ ተኝቶ ላለ ሰው ነው።

የእኛ ጥፋት እንዲህ ነው የመጣው። በብርዱ ወራት ማሪፎናችን ተበላሸ። ካፒቴኑ ከተሸጠ መርከብ የወረደ ሁለተኛ እጅ ሬዲዮ ገዛ። ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ ደስ አለን። ስለ ቁጥሩ ማናችንም አላሰብንም። በብዙዎቹ ሬዲዮኖች ላይ ቁጥሩን ተጠቃሚው ማስገባት የሚችለው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀይረው ሻጩ ወይም ባለሙያ ነው። ለወራት አፋችንን በከፈትን ቁጥር የሌላ መርከብ ስም ስንጠራ ከረምን ማለት ነው።

"እንዴት አገኘኸን?" አልኩት። ወረቀት ላይ እየሳለ አሳየኝ። አንቴና ከአየር ላይ ቁጥሮችን ይለቅማል። ፕሮግራሙ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። በ9 የማይጀምር አለ? መዝገብ ላይ የሌለ አለ? ፈቃዱ የተሰረዘ መርከብ ቁጥር አሁንም ይሰማል? አንድ ቁጥር በተመሳሳይ ሰዓት ተራርቀው ባሉት ናይሜኸንና ሮተርዳም ከተሞች ተሰምቷል? እንዲህ ያለው ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ የበዛው ከዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣል። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የእኛ ሬዲዮ በፈረሰ መርከብ ቁጥር ነበር የሚናገረው።

እውነቱን ለመናገር "አልጎሪዝም (የኮምፒውተር ስሌት) መረጣችሁ" ሲባል ሆዴ ፈራ። እዚህ አገር የምንኖር ስደተኞች ይህን ቃል በሌላ ነገር ነው የምናውቀው። በልጆች እንክብካቤ ድጎማ ጉዳይ ብዙ ሺህ ቤተሰብ አጭበርባሪ ተብሎ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ዜግነት መያዝ እንደ ጥርጣሬ ምልክት ተቆጥሮ ነበር። የሆላንድ መንግሥት በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የለቀቀው በዚሁ ነው። እዚያ ማሽኑ ያየው ሰውን ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ጥፋተኛነቱ ቀድሞ ተወስኗል።

የእኛው ግን ያየው ቁጥር ነው። ካፒቴኑ የሦስት ትውልድ ሆላንዳዊ መርከበኛ፣ እኔ የጎንደር ልጅ፤ ለፕሮግራሙ ሁለታችንም የለንም። ትልቁ ነገር ደግሞ ሰው መምጣቱ ነው። ዝርዝሩ ሌባ እንሁን፣ ሬዲዮው ይበላሽ፣ ወይ ሁለተኛ እጅ ይሁን አያውቅም። ተቆጣጣሪው ግን ቡናውን እየጠጣ መጀመሪያ "ይህን ሬዲዮ ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ጠየቀ። ደረሰኙን አየ። ማስጠንቀቂያና የማስተካከያ ቀነ ገደብ ሰጥቶን ሄደ። እንዲህ ከሆነ አልጎሪዝሙን እደግፋለሁ። ሁሉንም መርከብ መፈተሽ አይቻልም፤ በዘፈቀደ መምረጥም ደህናውን ማድከም ነው።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። መርከብ ተሽጦ አዲሱ ባለቤት መዝገቡን ካላሳደሰ፣ ሬዲዮው ደህና ሆኖም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም። "ለዚህ ነው በአካል የምመጣው" አለኝ።

በሳምንቱ ባለሙያ መጥቶ ቁጥሩን ቀየረ። ትክክለኛውን ቁጥር በነጭ ቴፕ ላይ ጽፌ ከማሪፎኑ በላይ ለጠፍኩት። ፎልክራክ የሚባለው የመርከቦች መተላለፊያ የውኃ በር ስንደርስ ካፒቴኑ "የበሩን ሠራተኞች አንተ ጥራቸው" ብሎ መናገሪያውን አቀበለኝ። ተናገርኩ፣ ቁልፉን ለቀቅሁ። ጥርርር። የእኛ ናት።